«ከየት እንግዛ?» ስለ በዓል ልብስና ስለ ስጦታ ሸመታ



ገና ሲቃረብ፣ ከፋሲካም በኋላ የሠርግ ወራት ሲገባ፣ አገልጋዮች ደጋግመን የምንጠየቀው ጥያቄ አለ። «ፓስተር፣ ልብሱን ከየት ብንገዛ ይሻላል? ለቤተ ሰብስ ምን ይዘን እንሂድ?» ይሉናል። ጥያቄው መንፈሳዊ ስለማይመስል ብዙ ጊዜ በፈገግታ እናልፈዋለን። ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ የሚኖር አንድ ቤተ ሰብ በአንድ ቀን ብዙ ገንዘብ ከሚያወጣባቸው ጊዜያት አንዱ ይህ ነው። ጌታችንም መዝገባችን ባለበት ልባችን እንደሚገኝ አስተምሮናል (ማቴ. 6፥21)። ስለዚህ ጥያቄው መልስ ይገባዋል።

አቋማችንን ከመጀመሪያው እንናገር። አማኝ «የት ይረክሳል?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ገንዘብ በአደራ የተሰጠ ነውና። ግን እዚያ ላይ ማቆም የለበትም። «የምከፍለው ብር ማን እጅ ይገባል? በምን መንገድስ ይገባል?» ብሎም ሊጠይቅ ይገባል። ሸመታ ባልንጀራችንን የምናገኝበት ቦታ ነው።

መርካቶና ዋጋ መከራከር

ከመርካቶ እንጀምር። ስሙ «ገበያ» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል የመጣ ነው። ጣሊያኖች አገራችንን በያዙባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነጩንና ጥቁሩን ለመለየት ሲሉ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት። ለመለያየት የታሰበው ቦታ ዛሬ ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ስልጤው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን የሚነግድበት ሆኗል።

መርካቶ ለሚገዛ ሰው የምንመክረው ቀላል ነው። በማለዳ ሂዱ። የሚገዛውን በወረቀት ጽፋችሁ፣ የገንዘቡን ልክ ቤት ወስናችሁ ውጡ። ቦታው በተራ በተራ የተከፈለ ስለሆነ ተራውን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። መንገድ ላይ «ላሳያችሁ» ብሎ የሚከተል ደላላ ካለ፣ ድርሻው ከእናንተ ኪስ እንደሚወጣ አትርሱ። ከአንድ ሱቅ ጠይቃችሁ አትወስኑ፤ ሦስት ሱቅ ጠይቁ።

ዋጋ መከራከርስ? የገበያችን ባህል ነውና ኃጢአት አንለውም። ኃጢአት የሚሆነው ውሸቱ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ዕቃውን እያጣጣለ ዋጋ የሚያስወርድ፣ ዘወር ሲል ግን በግዢው የሚኩራራ ሰው ያሳየናል (ምሳ. 20፥14)። «እዚያ ማዶ በግማሽ ዋጋ ነው የሚሸጡት» ብለን ያልጠየቅነውን ሱቅ ምስክር ስንጠራ ያ ሰው እኛ ነን። «ያለኝ ይህ ነው፣ ብትሸጥልኝ ደስ ይለኛል» ማለት ይቻላል። እውነትም ነው፣ ጨዋነትም ነው።

ለምትነግዱ ወገኖችም የምንለው አለ። ከውጭ አገር ለመጣ ዘመድ አንድ ዋጋ፣ ለሰፈር ሰው ሌላ ዋጋ መጥራት በየሱቁ እንደ ብልሃት ይቆጠራል። እግዚአብሔር ግን ሁለት ዓይነት ሚዛን ይጸየፋል (ምሳ. 20፥10)። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የመጣችው እኅት ያንን ገንዘብ በሌሊት ፈረቃ፣ በሰው ቤት ሥራ ያገኘችው ሊሆን ይችላል።

ስንከራከር ከባንኮኒው ማዶ ያለው ሰው የቆመበትንም እናስብ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ አካባቢ እሳት ተነሥቶ ሱቆች ከነዕቃቸው ሲቃጠሉ ሁላችንም አይተናል። ዕድሜ ልክ የተለፋበት ሀብት በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። ነጋዴውም እንደ እኛው ነገ የማይታወቅበት ሰው ነው።

ሽሮ ሜዳና የሸማኔው እጅ

የአገር ልብስ የሚፈልግ ሰው ወደ ሽሮ ሜዳ ይሄዳል። በእንጦጦ ግርጌ በሰልፍ የተደረደሩት ሱቆች ዓይን ያማልላሉ። ከሱቆቹ ጀርባ ባሉት መንደሮች ደግሞ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ መወርወሪያ ሲወረውር የሚውል ሸማኔ አለ። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ናቸው፤ ጥቂት የማይባሉትም በጌታ ወንድሞቻችን ናቸው። ማጉን በእንዝርት የምትፈትለው ሴት ደግሞ ከነጭራሹ በሱቁ ውስጥ አትታይም።

አሁን ከሸማው አጠገብ፣ ጥበቡ በማሽን የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ተሰቅሏል። ከሩቅ ሲያዩት ይመሳሰላል። ልዩነቱን ማወቅ ግን ከባድ አይደለም። ጥበቡን ገልብጣችሁ ጀርባውን ተመልከቱ። የታተመ ከሆነ ጀርባው ደብዘዝ ይላል፤ በእጅ የተሠራ ከሆነ ክሩ ራሱ በጀርባ በኩልም ይታያል። ነጠላ ሁለት ንብር፣ ጋቢ አራት ንብር መሆኑን በጣታችሁ ዳስሳችሁ አረጋግጡ። ጊዜ ካላችሁ ደግሞ በዓሉ ወር ሲቀረው ከሸማኔው ጋር ተገናኝታችሁ እዘዙ። በዋዜማ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለሸማኔው ድካም ሳይሆን ለጥድፊያው ነው።

«የእጅ ሥራው ውድ ነው፣ አቅማችን አይችልም» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ደመወዙ ከወር እስከ ወር የማያደርሰውን ሰው «ለምን የታተመ ገዛህ?» ብለን አንከስም። ለልጆቿ የታተመውን ገዝታ ያለበሰች እናት በጌታ ፊት ምንም አልበደለችም። ሻጩ ግን የታተመውን «የእጅ ነው» ብሎ ከሸጠ ሰርቋል። አቅሙ እያለን ሸማኔውን እስከ መጨረሻዋ ብር ጨምቀን፣ ያስወረድነውን በዚያው ቀን በአንድ ምሳ ብናወጣው ደግሞ ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባል። አንድ ጥሩ ጥበብ የብዙ ቀን ሥራ ነው። የሠራተኛ ደመወዝ ሲቀነስበት ጩኸቱ ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ያዕቆብ ጽፏል (ያዕ. 5፥4)።

በዚህ ሙያ ላይ ሁለት ነገሮች ያሳስቡናል። አንደኛው ንቀት ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ እንዲቀር ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፎ «ሸማኔ» የሚለው ቃል በጋብቻ ሽምግልና ላይ እንደ ነውር የሚነሣበት ቤት አለ፤ የአማኝ ቤትም ጭምር። እግዚአብሔር ግን በማደሪያው ድንኳን ሥራ ጊዜ የሸማኔውን ጥበብ ከራሱ የተሰጠ ብሎ ቆጥሮታል (ዘጸ. 35፥35)። ጥበቡን ለብሰን ጠቢቡን ከናቅን እምነታችን ምን ላይ ነው?

ሁለተኛው የልጆች ጉዳይ ነው። ከደቡብ ገጠር «አስተምርልሃለሁ» ተብለው የሚመጡ ልጆች ትምህርት ቤት ሳያዩ ከሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ መዋላቸው ለብዙ ዓመታት የታወቀ ችግር ነው። ገዢ ምን ማድረግ ይችላል? «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ሲበዛ ሻጩም መልስ ማዘጋጀት ይጀምራል። በእነዚያ ሰፈሮች ያላችሁ አጥቢያዎች ደግሞ በትምህርት ሰዓት ሸማ ላይ የተቀመጠ ልጅ ስታዩ ዝም አትበሉ። አሳዳሪውን አነጋግሩ፤ ልጁ የሚማርበትን መንገድ አብራችሁ ፈልጉ።

የሠርግ ዩኒፎርም

አሁን ወደሚከብደው እንምጣ። ሠርግ ሲደርስ ለሚዜዎች አንድ ዓይነት ቀሚስ፣ ለቤተ ሰብ አንድ ዓይነት ጥበብ፣ ለመዘምራን አዲስ ዩኒፎርም ይታዘዛል። ሱቁም ሰፊውም ተመርጦ፣ «ድርሻሽ ይህን ያህል ነው» የሚል መልእክት በስልክ ይመጣል። እኅት ተበድራ ትከፍላለች፤ ወይም «አሞኛል» ብላ ትቀራለች። ሙሽሮቹም ጎጆአቸውን በዕዳ ይጀምራሉ። ከሠርጉ በኋላ በቢሮአችን ስለ ቤት ኪራይና ስለ ዕዳ ሲጨቃጨቁ የምናያቸው ባልና ሚስት ጥቂት አይደሉም።

ያዕቆብ ጥሩ ልብስ ለለበሰው ወንበር እየሰጠን ድሃውን «እዚያ ቁም» ብንል አድልዎ እንደሆነ ነግሮናል (ያዕ. 2፥2-4)። በዩኒፎርም ምክንያት ድሃውን ከበሩም ሳይደርስ እያስቀረነው ነው። ስለዚህ ሙሽሮችን የምንመክረው ይህን ነው። ቬሎና ሱፍ ከሚያከራዩ ቤቶች ተከራዩ፤ ለአንድ ቀን ልብስ የዓመት ቁጠባ አታውጡ። ሚዜዎች በቁም ሣጥናቸው ያለውን፣ በቀለም ብቻ ተስማምተው ይልበሱ። አዲስ ልብስ የግድ ካስፈለገ ወጪውን ያዘዘው ሰው ይሸከም። የመዘምራን መሪዎችም፣ አንዲት ዘማሪ መክፈል ስላቃታት ከመድረክ ከምትወርድ ዩኒፎርሙ ቢቀር ይሻላል።

ልባሽ ጨርቅና ደረሰኝ

«ሳልቫጅ መግዛት ይቻላል ወይ?» የሚሉም አሉ። ሰው የለበሰውን መልበስ ነውር አይደለም፤ ብዙዎቻችን በታላቅ ወንድም ሸሚዝ ያደግን ነን። ነገር ግን ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ከውጭ ማስገባት በአገራችን የተከለከለ ነው። ስለዚህ ቦንዳውን በኮንትሮባንድ አስገብቶ በመሸጥ ለመተዳደር ለሚያስብ አማኝ «ሌላ እንጀራ ፈልግ» እንላለን። ብርድ ላስጨነቀው ሰው ግን መልሱ ወቀሳ አይሆንም፤ ከሣጥናችን አውጥተን፣ አጥበንና ተኩሰን ማልበስ ነው። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል መጥምቁ ዮሐንስ ያዘዘው ለዚህ ነው (ሉቃ. 3፥11)።

«በደረሰኝ ይሁን ያለ ደረሰኝ?» የሚለውም ጥያቄ ፈተና ነው። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ 15 በመቶ የሆነው ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ግብር ለሚገባው ግብርን እንድንሰጥ ታዘናል (ሮሜ 13፥7)። እሑድ ስለ ሙስና ጸልየን ቅዳሜ «ያለ ደረሰኝ ስንት ነው?» ካልን ጸሎታችን ከእጃችን ጋር ተጣልቷል።

ስጦታ

ስጦታን በተመለከተ አጭር ምክር አለን። ወርቅ ወይም ብር የምትገዙ፣ በፊታችሁ ይመዘን፤ ካራቱና ግራሙ በደረሰኝ ላይ ይጻፍ። ገጠር ላሉ አባትና እናት የቦሌ የሕንጻ ሱቆች ከሚሸጡት አብረቅራቂ ዕቃ ይልቅ ብርድ የሚመክት ጋቢ ይበልጣል። ወደ ውጭ ለሚሄድ ዘመድ ከእንጦጦ እንጨት መሸከምን ትተው በማኅበር ተደራጅተው ወደ ሽመና ከገቡ ሴቶች የተገዛ ሻርፕ ታሪኩን ይዞ ይሄዳል። ስጦታውን የምትሰጡት ለማን እንደሆነ አስቡ፤ መልሶ ሊሰጣችሁ የማይችል አንድ ሰው በዝርዝሩ ላይ ይኑር።

ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነበር (ሐዋ. 9፥39)። በስንት እንደተገዛ፣ ከየት ሰፈር እንደመጣ የተናገረ የለም። ልብሱ የሰፋችውን እጅና የወደደችውን ልብ ያስታውስ ነበር።

እንግዲህ ለዘንድሮ በዓል ስትወጡ በዝርዝራችሁ ግርጌ ሦስት ጥያቄ ጻፉ። ይህን ማን ሠራው? የከፈልኩት ለድካሙ ይመጥናል? ይህን ገዝቼ ሳበቃ ለሌላው የሚተርፍ ነገር ይኖረኛል? ሦስቱን በንጹሕ ልብ የሚመልስ ሰው ከመርካቶም ይግዛ፣ ከሽሮ ሜዳም ይግዛ፣ በሰላም ገዝቶ በሰላም ይለብሳል።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።