ያኔስ ማን ይቅርታ ጠየቀ?

ልጄን ክርስትና ያስነሳኋት በ80 ቀኗ ነው። ካህኑ በግዕዝ ጸለዩላት፣ አጠመቋት፣ ቅብዐ ሜሮን ቀቧት፣ ማዕተብ አሰሩላት። ካቶሊኮች ነን፤ ቅዳሴያችን ግን በግዕዝ ነው፣ ፋሲካችንም ከኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ጋር በአንድ ቀን ይውላል። በ26 ዓመቷ ኦርቶዶክስ እጮኛዋን በቁርባን ልታገባ ስትነሳ እንደገና መጠመቅ አለባት ተባለ። እሷም እሺ አለች። አልፈርድባትም። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ግን አብሬያት አልሄድኩም። ከቁም ሣጥኑ የክርስትና ምስክር ወረቀቷን አውጥቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ያ ውኃ፣ ያ ቅባት፣ ውኃው ሲነካት ያለቀሰችው ልቅሶ፣ ሁሉም እንዳልነበረ ሊሆን ነው? «ልጅሽ ክርስቲያን አልነበረችም» ያለኝ ሰው የለም። እኔ ግን የሰማሁት እሱን ነው።

ሠርጉ ላይ ተገኘሁ፣ መረቅኩም። ከዚያ በኋላ የባሏ ቤተሰቦች ቤት መሄድ ተውኩ።

በተከታዩ ዓመት ስቅለት ዕለት የልጄ አማት ከስግደት ስትመለስ በሬን አንኳኳች። በዕድሜ ታንሰኛለች። ቀኑ ስቅለት ነውና ቡና እንኳ አላፈላሁላትም። «እትዬ፣ አስቀይመንዎታል መሰለኝ። በምን እንደሆነ በደንብ አልገባኝም፤ ግን ይቅር ይበሉኝ» ብላ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ብድግ አድርጌ አቀፍኳት። ወረቀቱንም አሳየኋት። እያገላበጠች አይታ ዝም አለች። ሥልጣን የላትም፤ የሆነውን ልትመልሰው አትችልም። ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ግን ያኔ ወረደ።

ይቅር ካልኳት በኋላ መደበቅ አልቻልኩም። «እኛም አድርገነዋል እኮ» አልኳትና የካቶሊኩን ፓትርያርክ የአልፎንሶ ሜንዴዝን ታሪክ ነገርኳት። አዳምጣ ስትጨርስ «ያኔስ ማን ይቅርታ ጠየቀ?» አለችኝ።

28 ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁ። የአፄ ሱስንዮስን ዘመን በሁለት ክፍለ ጊዜ ነበር የማልፈው። ኢየሱሳዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 እ.ኤ.አ. መጣ፤ አማርኛና ግዕዝ ተማረ፣ በትዕግሥት ከንጉሡም ከመኳንንቱም ተወዳጀ፣ በ1622 ሞተ። ሜንዴዝ ፓትርያርክ ተብሎ በ1625 ሲገባ ግን ትዕግሥት አላመጣም። በ1626 ንጉሡ ለሮም መንበር መታዘዙን በአደባባይ ማለ። ከዚያ ሕዝቡ ያልተጠመቀ ይመስል እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ ያልተካኑ ይመስል እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ ተደረገ። ጾሙና በዓሉ ወደ ሮማ አቆጣጠር፣ ቅዳሴውም ወደ ሮማ ሥርዐት እንዲዞር ታዘዘ። ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ እንደ ፖለቲካ ነበር የማስረዳው፤ ንጉሡ የውጭ ወዳጅ ፈለገ፣ መኳንንቱ አመፁ፣ ደም ፈሰሰ፣ በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት ይመለስ ብሎ አዋጅ አስነገረ፣ ፋሲለደስ ነገሠ። የጎጃም ወይም የበጌምድር እናት ልጇ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠመቅ ምን እንደተሰማት አንድም ቀን አልጠየቅኩም። አሁን አውቀዋለሁ። እኔ ላይ የደረሰው በልጄ ፈቃድ ነው፤ እነሱ ላይ የመጣው ከንጉሥ ሰይፍ ጋር ነበር።

ካቶሊክ ነኝና በጴጥሮስ መንበር አምናለሁ። የቤተ ክርስቲያን አንድነት ጠባቂ እረኛ ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ። ግን በጎቹን የተረከበው ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዶ በምሬት ያለቀሰው ጴጥሮስ ነው። ሥልጣኑ ከእንባው በኋላ ነው የጸናው።

ይህን ከሁሉ አብልጠው ያሳዩኝ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ናቸው። በ1438 ለአንድነት ጉባኤ ፌራራ የመጡት የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ዮሴፍ የጳጳሱን እግር እንዲስሙ ተጠብቆ እምቢ ብለው ነበር። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ አለፈ። ሮምና ቁስጥንጥንያ የ1054ቱን ውግዘት ያነሱበት 10ኛ ዓመት በታኅሣሥ 1975 እ.ኤ.አ. በሲስቲን ጸሎት ቤት ሲከበር፣ የ78 ዓመቱ ጳውሎስ 6ኛ የቅዳሴ ልብሳቸውን እንደለበሱ ወደ ቁስጥንጥንያው መልእክተኛ ሄዱና ተንበርክከው እግራቸውን ሳሙ። መልእክተኛው የኬልቄዶኑ ሜትሮፖሊታን ሜሊቶን ነበሩ። ኬልቄዶን! በ451 ጉባኤዋ እኛ ኢትዮጵያውያን የመለያየት ስም አድርገን የምንጠራት ከተማ። ጳጳሱ ከወንበራቸው ወርደው ጫማ ሲስሙ ሥልጣናቸው አልጎደለም፤ ለእኔ ጳጳስ መሆናቸው የታየው ያኔ ነው።

እንዲህ ዝቅ ብሎ ይቅርታ መጠየቅ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የበደለ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል፤ የተበደለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪል ድንጋዩን አያወርድም። ሽማግሌ ፊት ቀርቦ «እሱም እኮ በድሎኛል» ብሎ የሚጀምር ሰው ገና አልታረቀም።

እኛ ካቶሊኮች እንዲህ የምንጀምር ይመስለኛል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 የኦርቶዶክስን ምሥጢራት እውነተኛነት መስክሯል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስና የኮፕቱ ፓትርያርክ ታዋድሮስ ጥምቀት እንዳይደገም በቅንነት ለመጣር ፈርመዋል። ስለዚህ «እናንተ ግን አሁንም ትደግማላችሁ» ማለት ይቀናናል። እኔም ያንን ቅዳሜ ያልኩት ይህንኑ ነው። የሜንዴዝ ዕዳ ሳይነሳ ግን ይህ አነጋገር በጎንደር ሰው ጆሮ ምን ይመስላል? ዕዳው የሜንዴዝ ብቻም አይደለም። በጥቅምት 1935 የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በካቴድራላቸው አትሮንስ ላይ ቆመው አገራችንን የወረረውን ጦር አሞግሰዋል፤ በ1996 ደግሞ ብፁዕ ተብለዋል። ይህን ሳነብ ያመመኝን ሕመም ለማንም አስረድቼ አልጨረስኩም፤ ቤተ ክርስቲያኔን ስለምወድ ነው የሚያመኝ።

ጳጳሶቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ጣና ዳር ጎርጎራ የኢየሱሳውያኑ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ዛሬም አለ። እዚያ ሄደው፣ ያካባቢውን ካህናትና አረጋውያን ለምነው፣ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ «ጥምቀታችሁን ደግመን፣ ክህነታችሁን ንቀን በድለናችኋል» ይበሉ። ጉባኤ አያስፈልገውም፣ የጋራ መግለጫም አያስፈልገውም፤ በምላሹም ምንም አይጠይቁ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚል ባይገኝ እንኳ ድንጋዩን ተሸክመው ይቁሙ። የልጄ ጥምቀት ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይነሳ።