ኮምፒዩተር ፊርማ የለውም

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ አርማታ ምን አገባው? የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ዛሬ ከእኛ ጋራ በአንድ መኝታ ቤት የሚያድረው የኢንጂኔሪንግ ተማሪ ነገ በሚነድፈው ሕንጻ ሥር የምንኖረው እኛው ነን። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ በተሰማ ጊዜ፣ ሁላችንም ቀና ብለን ያየነው ጣራችንን ነበር። ስለዚህ ጥያቄው የሁላችንም ነው።

ባለፈው ሰሞን አንድ ጓደኛዬ ኢታብስ በሚባለው ፕሮግራም የአንድ ፎቅ ቤት ምሰሶዎችና ቢሞች ሲነድፍ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ሻዬን ሳልጨርስ የምሰሶው ውፍረት፣ የፌሮው ብዛት፣ የስታፋው ርቀት ተደርድሮ ወጣ። «ትክክል መሆኑን በምን ታውቃለህ?» ብለው፣ «ኮምፒዩተሩ ነዋ ያወጣው!» አለኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ መልስ ነው።

የኮምፒዩተር ጠላት አይደለሁም። የብዙ ፎቅ ሕንጻ ነፋስንና የመሬት መንቀጥቀጥን እንዴት እንደሚቋቋም በእጅ ማስላት ሳምንታት የሚፈጅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት የሚል አገልጋይ ነው፤ በስሕተት ቢልኩትም በታዛዥነት ይሄዳል።

ጓደኛዬን ለምኜ አንዱን ቢም በደብተር ላይ አሠራሁት። ቢሙ 6 ሜትር ነው፤ በሁለት ግድግዳ ላይ እንዲያው ተጋድሟል፤ በየሜትሩ 20 ኪሎ ኒውተን ይሸከማል። ርዝመቱን በራሱ፣ ከዚያም በጭነቱ አባዝቶ ለ8 ሲያካፍል፣ በመካከሉ ላይ የሚያጐብጠው ኀይል 90 ኪሎ ኒውተን ሜትር ሆነ። ኮምፒዩተሩ ግን 30 ብሎ ነበር! ለካስ ጓደኛዬ ሳያስተውል የቢሙ ጫፎች ግጥም ብለው እንደ ታሰሩ አድርጎ ነግሮታል። ኮምፒዩተሩ አልዋሸም፤ ስለ ሌላ ቢም መለሰ እንጂ። የታችኛው ፌሮ ግን ከሚያስፈልገው ኀይል ለሢሶው ብቻ ሊታዘዝ ነበር።

ይህ የተማሪ ስሕተት ብቻ ነው የሚል ካለ ወደ ኖርዌይ ይመልከት። በነሐሴ ወር 1983 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1991) ስሌይፕነር ኤ የተባለው የባሕር ላይ ጋዝ ማውጫ የአርማታ መሠረት፣ በስታቫንገር ከተማ አጠገብ ውሃ ውስጥ ዝቅ ሲደረግ ግድግዳው ተሰብሮ ሰጠመ። ምክንያቱ ሲመረመር፣ ንድፉ ለኮምፒዩተሩ በደንብ ተከፋፍሎ ስላልተሰጠ ግድግዳውን የሚቆርጠው ኀይል 47 በመቶ አንሶ መገመቱ ታወቀ፤ የፌሮውም አያያዝ በቂ አልነበረም። ከአደጋው በኋላ በጥንቃቄ የተሠራው ስሌት ግድግዳው በ62 ሜትር ጥልቀት እንደሚሰበር አመለከተ፤ በእውነት የተሰበረው በ65 ሜትር ነበር። እንግዲህ ስሌት በደንብ ከጠየቁት እውነቱን ይናገራል። የጐደለው መሣሪያው አልነበረም፤ ጠያቂው ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። መምህራኖቻችን ከኮምፒዩተር ወረቀት ጋራ አንድ ቢምና አንድ ምሰሶ በእጅ የተሰላበት ገጽ እንዲያያዝ ይዘዙ። የኢንጂኔሪንግ ጓደኞቻችን ቊልፉን ከመጫናቸው በፊት መልሱ ስንት ያህል እንደሚሆን በግምት ይጻፉ፤ ግምቱና መልሱ ሲራራቁ ምክንያቱን ሳያገኙ አይለፉ። እኛም የሌላው ፋኩልቲ ተማሪዎች «አይገባንም» ብለን ዝም አንበል፤ «በምን ታውቃለህ?» ብሎ ለመጠየቅ የሒሳብ ዲግሪ አያስፈልግም።

ሕንጻው የተሰነጠቀ ቀን ኮምፒዩተሩ ለምስክርነት አይጠራም። በንድፉ ግርጌ የሚገኘው ስም የሰው ስም ነው። ጓደኛዬ በዚያች ማታ የቀሩትን ቢሞች አንድ በአንድ እየመረመረ እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ፤ ሻይ ያፈላሁለት እኔ ነበርሁ።