የማርሹ መሻሻልና የደንበኛው ፈቃድ

ማናቸውም ዕቃ ለገበያ ከወጣ በኋላ እንደ ነበረ ሊቆይ አይችልም። ተወዳዳሪው ይበረታል፤ የገዢውም ፍላጎት ያድጋል። ስለዚህ ዕቃን ማሻሻል የአምራቹም የነጋዴውም ግዴታ ነው። ነገር ግን ማሻሻል ማለት ደንበኛው ዕቃውን የወደደበትን ነገር ማጥፋት አለመሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ለዚህም መልካም ምሳሌ የሚሆነው የጀርመኑ የፖርሽ ኩባንያ የሚሠራው 911 የተባለው የስፖርት አውቶሞቢል ካምቢዮ ነው።

ይህ አውቶሞቢል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1963 ዓ. ም. በፍራንክፈርት ትርኢት ለሕዝብ ታየ፤ በማግሥቱም ዓመት ለገበያ መሠራት ጀመረ። የመጀመሪያው ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ አንደኛው ማርሽ ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ግራና ወደ ኋላ እየተሳበ የሚገባ ነበር። አንደኛ ማርሽ ለመነሣት ብቻ በሚያስፈልግበት በእሽቅድምድም ሜዳ ይህ አሠራር ምቹ ነው። በከተማ ውስጥ ግን በየመስቀለኛው መንገድ እየቆመ ለሚነሣው ነጂ አስቸጋሪ ሆነ።

ስለዚህ ኩባንያው ለ1972 ሞዴል 915 የተባለውን ካምቢዮ አወጣ። ሞተሩ ወደ 2.4 ሊትር ስላደገ ጠንካራ ካምቢዮ ማስፈለጉ አልቀረም፤ በዚሁ አጋጣሚም አንደኛና ኹለተኛ ማርሽ በአንድ መሥመር ላይ ፊትና ኋላ ሆነው ተቀመጡ። ይሁን እንጂ ኩባንያው ራሱ የፈለሰፈው ሲንክሮናይዘር ዘይቱ እስኪሞቅ ድረስ ማርሹን ለመቀበል ዳተኛ ነበር፤ የሚቸኩል እጅም ቶሎ ያስረጀው ነበር።

በ1987 ሞዴል የመጣውን ጂ 50 የተባለውን ካምቢዮ የሠራው ጌትራግ የተባለው ፋብሪካ ነው። የቦርግ ዋርነር ዐይነት ሲንክሮናይዘር ተገጠመለት፤ በሽቦ ገመድ ይሳብ የነበረው ፍሪሲዮንም በዘይት ግፊት እንዲሠራ ተደረገ። ፖርሽ ለሌሎች ፋብሪካዎች ሳይቀር ፈቃድ የሸጠበትን የራሱን ፈጠራ ትቶ የሌላውን መቀበሉ የሚያስመሰግነው ነው። ደንበኛ የሚገዛው የሚያገለግለውን ዕቃ እንጂ የአምራቹን ኵራት አይደለምና። ከዚያም ወዲህ 993 የተባለው ሞዴል ባለ ስድስት ማርሽ ሆነ፤ በ2011 ዓ. ም. ደግሞ ባለ ሰባት ማርሽ ካምቢዮ መጣ።

እስከዚህ ድረስ መሻሻሉ ኹሉ የነጂውን እጅ የሚረዳ ነበር። በ2013 ዓ. ም. ግን ጂ. ቲ. 3 የተባለው የ911 ዐይነት በእጅ የሚለወጠው ማርሽ ቀርቶበት፥ ኹለት ፍሪሲዮን ባለው ፒ. ዲ. ኬ. በተባለው ካምቢዮ ብቻ ለገበያ ቀረበ። ይህ ካምቢዮ ከሰው እጅ ይልቅ ፈጥኖ ማርሽ ስለሚለውጥ፥ በሰዓት ለሚለካ ሰው የኩባንያው ሐሳብ ትክክል ነበር። ነገር ግን ብዙዎቹ ደንበኞች ቅር ተሰኙ፤ የሚወዱት የእጃቸውና የእግራቸው ሥራ ከመኪናው ጋር ሲስማማ የሚሰማቸውን ደስታ ነበርና።

በ2016 ዓ. ም. 911 አር የተባለው ባለ ስድስት የእጅ ማርሽ መኪና በ991 ቍጥር ተወስኖ ሲወጣ ገዢዎች ተሻሙበት፤ ከእጅ ወደ እጅም ሲሸጥ ዋጋው ከፋብሪካው ዋጋ እጅግ በላይ ሆነ። ኩባንያውም ነገሩን ተረድቶ በማግሥቱ ዓመት በጂ. ቲ. 3 ላይ የእጅ ማርሹን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለሚፈልግ ኹሉ መለሰ።

እርግጥ፥ አዲሱን የሚጠላ ነጋዴ ከገበያ መውጣቱ አይቀርም። ነገር ግን ሻካራውን ማለስለስና የተወደደውን ማንሣት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አስተዋይ ነጋዴ አንድን ዕቃ «ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ከመደርደሪያው ከማውረዱ በፊት፥ ደንበኛው ዕቃውን ስለ ምን ይገዛው እንደ ነበረ ጠይቆ ይረዳ። ፖርሽ የወሰደውን ለመመለስ ዐቅምም ጊዜም ነበረው፤ አነስተኛው ነጋዴ ግን አንድ ጊዜ ያስቀየመውን ደንበኛ እንደ ገና ለማግኘት ያን ያህል ዕድል አይሰጠውም።