«ስደተኛን ምን አገባው?» ለምትሉኝ፦ ስለ ማክሰኞው ምርጫ ለአሜሪካ ዘመዶቻችን

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። ዳታ ያላችሁ አሁን አንብቡት፣ የሌላችሁ ዋይፋይ ስታገኙ ተመለሱበት።

ስለ አሜሪካ ምርጫ ሰሞኑን ሁለት ሦስት ጊዜ በመጻፌ ኢንቦክሴ በስድብም በምክርም ተሞልቷል። «ናይሮቢ ተቀምጠህ፣ ድምፅ የሌለህ ሰው፣ በርኒ ሳንደርስ ተመረጠ አልተመረጠ ምን አገባህ?» የሚለው ይበዛል። ዳላስ የሚኖሩ አንድ ታላቅ ሰው ደግሞ «ልጄ፣ አንተ መጀመሪያ የራስህን ኬዝ ጨርስ» አሉኝ። ጋሼ፣ እኔም የምጮኸው ኬዜ ስላላለቀ ነው! ኬዜ የቆመው ናይሮቢ ባለ ቢሮ አይደለም፤ ዋሽንግተን አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው።

በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በዓመት ስንት ስደተኛ እንደሚገባ የመወሰኑን ሥልጣን ለፕሬዚደንቱ ነው የሰጠው። ከኮንግረስ ጋር ይመካከር ይላል ሕጉ፣ ፊርማው ግን የእሱ ነው። ለጤና፣ ለታክስ፣ ለትምህርት ፕሬዚደንቱ ምክር ቤቱን መለመን አለበት። ለእኛ ግን ማንንም አይለምንም። በ2016 በጀት ዓመት ጣሪያው 85,000 ነበር። ኦባማ ሊወጣ ሲል ለ2017 ወደ 110,000 አሳደገው። ከዚያ ትራምፕ መጣ፦ 45,000፣ ቀጥሎ 30,000፣ ለ2020 ደግሞ 18,000። ያቺም 18,000 ተሸንሽና ነበር። በሃይማኖታቸው ለተሰደዱ 5,000፣ ለኢራቃውያን 4,000፣ ለሦስት የመካከለኛው አሜሪካ አገሮች 1,500። የቀረችው 7,500 ለቀረው ዓለም ሁሉ ነበረች። ካኩማ፣ ዳዳብ፣ ናኪቫሌ፣ ሽመልባ ያለው ሁሉ፣ ከኮንጎውም ከሱዳኑም ከበርማውም ጋር ያቺን ይሻማ ነበር።

ፕሮሰስ ላይ ያላችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ አትማሩም። ሜዲካል የሚያገለግለው ለወራት ብቻ ነው። ሴኩሪቲ ቼኩ ሲመጣ ሜዲካሉ ጊዜው ያልፋል፣ ሜዲካሉ ሲታደስ ደግሞ ሌላው ወረቀት ይሞታል። መሃል ላይ ልጅ ከተወለደ ኬዙ እንደገና ይከፈታል። ዕቃውን ሸጦ፣ ቤት ለቆ፣ በረራ ሲጠብቅ «ተሰርዟል» የተባለ ሰው በየሰፈራችን አለ። በየካቲት 2020 ደግሞ አዲሱ እገዳ ሥራ ላይ ዋለ። ኤርትራውያን ወንድሞቻችን በቤተሰብ በኩል የሚያገኙት ቋሚ ቪዛ ታገደ፣ ሱዳንና ታንዛኒያ ከዲቪ ወጡ። ይህ ሁሉ ሲሆን «ምን አገባህ» ይሉኛል።

እንግዲህ «ትራምፕ ይውረድ» የሚለው ላይ ብዙዎቻችን እንስማማለን። (ለትራምፕ የምትጸልዩ ዘመዶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከናንተ ጋር ሌላ ቀን እንነጋገራለን፤ የኖቤል ሽልማቱንም የአባይንም ነገር ጨምረን።) ጠቡ ያለው በማን ይውረድ ላይ ነው። አብዛኛው የአሜሪካ ዘመዳችን «የኦባማ ሰው» እያለ ወደ ጆ ባይደን ያዘነብላል። የማውቀውን ሰው ልምረጥ ማለት ክፋት የለውም። ቁጥር ብቻ ከተቆጠረ ባይደን 125,000 ስደተኛ አስገባለሁ ብሏል። ኤልዛቤት ዋረንም 125,000 ብላ ወደ 175,000 አሳድጋለሁ ብላለች። ይህን የምጽፈው የበርኒ ደጋፊዎች ዝም ብለው ስለሚያልፉት ነው። በርኒ በበኩሉ የጉዞ እገዳውን በመጀመሪያው ቀን እሽራለሁ፣ ከአገር ማስወጣቱን አቆማለሁ፣ በአየር ንብረት ለውጥ የተፈናቀሉ 50,000 ሰዎች በመጀመሪያው ዓመት አስገባለሁ ብሏል። ሁሉም ወረቀት ላይ ጥሩ ናቸው።

ወረቀቱን ትተን ሰዎቹን እንይ። በ2002 ኢራቅን ለመውረር ድምፅ ሲሰጥ ባይደን ሴኔት ውስጥ «ይሁን» አለ፣ በርኒ በተወካዮች ምክር ቤት «አይሆንም» አለ። የዚያ ጦርነት ስደተኞች ዛሬም እኛ በቆምንበት ወረፋ ላይ ናቸው። በኦባማና በባይደን ዘመን ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ከአሜሪካ ተባርሯል። በ2019 በየመን ጦርነት አሜሪካ ለሳዑዲ የምትሰጠው ድጋፍ ይቁም የሚለውን ውሳኔ ሴኔት ውስጥ ፊት ሆነው ከገፉት አንዱ በርኒ ነው። ውሳኔው በሁለቱም ምክር ቤቶች አለፈና ትራምፕ ሻረው። የመን ለእኛ በቴሌቪዥን የምናየው አገር አይደለም። ከኦቦክና ከቦሳሶ በጀልባ የወጡ የስንቶቻችን ወንድሞች የገቡበት እሳት ነው! ያኔ ስለዚያ እሳት ዋሽንግተን ውስጥ የሚናገር ሰው ስንት ነበር?

በርኒ የፓርቲው ሰው አይደለም ይላሉ። እውነት ነው። ሴናተርነቱን የያዘው በግል ነው፤ በ2020 የተወዳደረው ግን የዴሞክራቶች ዕጩ ለመሆን ነው። እኔ ይህን እንደ ነውር አላየውም። እኛ ያደግነው ዕጩ ከላይ በሚወርድበት አገር ነው፤ በ2015ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ጠራርገው ሲወስዱ አይተናል። እዚህ ኬንያም በ2017 የፓርቲዎች የዕጩ ምርጫ እንዴት እንደተመሰቃቀለ ናይሮቢ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። አሜሪካ ላይ ግን ከፓርቲው ደጅ የቆመ ሰው ገብቶ «ሕዝቡ ይፍረደን» ማለት ይችላል። በ2016 በርኒ ሲወዳደር ከ700 በላይ የፓርቲ ሹማምንት ማንም ሳይመርጣቸው የዕጩነት ድምፅ ነበራቸው፣ አብዛኞቹም ገና ከጅምሩ ከሂላሪ ጋር ነበሩ። እሱ ተሸነፈ። ደጋፊዎቹ ግን ስለጮኹ በ2018 ሕጉ ተለወጠ፤ ሹማምንቱ አሁን በመጀመሪያው ዙር ድምፅ አይሰጡም። የተሸነፈ ድምፅ ባዶ ነው ያለው ማን ነው?

አሁን ወደ ትልቁ ተቃውሞ ልምጣ። ከአባቶቻችን፣ ከጋሼዎቹ የሚመጣው ነው፦ «ሰውየው ሶሻሊስት ነኝ ይላል። እኛ ሶሻሊዝምን ከደርግ ጋር አይተነዋል።» ይህን ቃል ስትሰሙ ምን ትዝ እንደሚላችሁ አልቀልድበትም። በቀይ ሽብር ልጁን ያጣ፣ ቤቱ የተወረሰበት፣ በእግሩ ሱዳን የገባ ሰው ስለ ቃሉ ከእኔ ትምህርት አይፈልግም። ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው እንዳይሆን ነገሩን እንየው። ደርግ ሥልጣን የያዘው በታንክ ነው። በርኒ በ1981 የበርሊንግተን ከንቲባ የሆነው በ10 ድምፅ ብልጫ ነው። አሥር! ለቅሶ ቤት የሚቀመጥ ሰው እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ከዚያ በፊት ለገዥነትም ለሴናተርነትም ተወዳድሮ ደጋግሞ ወድቋል፤ በወደቀ ቁጥርም ወደ ቤቱ ሄዷል። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የትኛው ምርጫ ላይ ወድቆ ነው ወደ ቤቱ የሄደው? አባቱም በ1921 ከፖላንድ ወደ አሜሪካ የመጣ ደሃ ስደተኛ ነው፤ አውሮፓ የቀሩት ዘመዶቹ በናዚዎች አልቀዋል። ሰውየው የሚለው ሐኪም ቤት ስትገቡ ሂሳብ አይምጣባችሁ ነው። የማንንም ቤት እወርሳለሁ አላለም።

የሐኪም ቤቱ ነገር የእኛም ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ስደተኛ ኬንያ ውስጥ የሥራ ፈቃድ ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብደው ታውቃላችሁ። ኢስሊ ያለው ሰው ኪራዩን የሚከፍለው ከአሜሪካ በሚመጣ 100 ወይም 150 ዶላር ነው። የአክስቴ ልጅ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ትሠራለች። አምና በድንገት ታማ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ኢንሹራንስ አላት፣ ግን ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት እሷ ከኪሷ የምትጨርሰው ገንዘብ አለ። አራት ወር ሙሉ ምንም መላክ አልቻለችም፣ እሷም አፍራ አልደወለችም። እኛ እዚህ ሁለት ቤተሰብ አንድ ክፍል ገባን። የእሷ ሂሳብ የተከፈለው በእኛ ኪራይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በርኒ «የጤና ሽፋን ለሁሉም» ሲል ካኩማ ድረስ ይሰማል።

የሰዓት ክፍያውም እንዲሁ ነው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ቆሟል፤ ቨርጂኒያና ቴክሳስ በ2020 በዚያው ነበሩ። በርኒ 15 ይሁን ይላል። ዛሬ ሌሎቹም ይሉታል፣ አዎ፤ እሱ ሲጀምረው ግን ብዙዎቹ ይስቁ ነበር። ፓርኪንግ የምትሠሩ፣ ሌሊት ኡበር የምትነዱ፣ መጋዘን ውስጥ ሣጥን የምታነሱ፣ ከናንተ ላብ የተረፈችውን ነው የምንበላው። ላባችሁ ዋጋ ሲያገኝ እኛም ቀና እንላለን።

«ማሸነፍ አይችልም» የምትሉም አላችሁ። በ2016 ማሸነፍ ትችላለች የተባለችው ሂላሪ ነበረች። ሚሺጋንና ዊስኮንሲን በፓርቲው ምርጫ በርኒን ነበር የመረጡት፤ ኅዳር ላይ ሁለቱም ወደ ትራምፕ ሄዱ። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ኔቫዳን አያችሁ፦ ወደ 47 ከመቶ። የላስ ቬጋስ የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር አመራር ማንንም አልደግፍም ቢልም፣ ካዚኖዎቹ ባሉበት ጎዳና ላይ ከነበሩት ጣቢያዎች በአብዛኞቹ ያሸነፈው እሱ ነው። አልጋ የሚያነጥፉት፣ ሰሐን የሚያጥቡት ናቸው የመረጡት። ቬጋስ ያላችሁ የታክሲ ሰዎች ስለነሱ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ።

አንድ የሚከብድ ነገር አለ። በ2007 ለሚሊዮኖች ወረቀት ሊያስገኝ የነበረውን የኢሚግሬሽን ረቂቅ በርኒ ተቃውሞ ድምፅ ሰጥቷል። ምክንያቱ ረቂቁ ኩባንያዎች በርካሽ ጊዜያዊ ሠራተኛ እንዲያስመጡና የሁሉም ደመወዝ እንዲወርድ ያደርጋል የሚል ነበር። ክርክሩ ሚዛን አለው፤ የባሕረ ሰላጤውን ከፋላ ያየ ሰው በአንድ አሠሪ ስም የታሰረ ቪዛ ምን እንደሆነ ያውቃል። ቢሆንም ያ ድምፅ ለብዙ ቤተሰብ መራራ ነበር፤ መራራነቱንም አላጣፍጠውም። በ2013 የመጣውን ረቂቅ ግን ደግፎ ድምፅ ሰጥቷል። ኢልሃን ኦማርንም አስቡ። ከሶማሊያ ሸሽታ እዚሁ ኬንያ፣ ካምፕ ውስጥ 4 ዓመት የኖረች ልጅ ዛሬ የሚኒያፖሊስ ተወካይ ናት። ባለፈው ጥቅምት ድጋፏን የሰጠችው ለእሱ ነው። የካምፕ ውኃ ወረፋ የሚያውቅ ሰው ከማን ጎን እንደቆመ ማየት ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ማክሰኞ የካቲት 24 ቀን 2012 (በፈረንጆቹ 2020) ነው፣ የዓድዋ በዓል ማግስት። ሰኞ ባንዲራ ለብሳችሁ ፎቶ ትለጥፋላችሁ፤ ማክሰኞ ደግሞ ጣቢያ ሂዱ። በዚያ ቀን 14 ግዛቶች ይመርጣሉ። በ2020 ካሊፎርኒያ ብቻ 415 ተወካይ ነበራት፣ ቴክሳስ 228፣ ቨርጂኒያ 99፣ ሚኒሶታ 75፣ ኮሎራዶ 67። ዕጩ ለመሆን ከ3,979ኙ 1,991 ያስፈልግ ነበር። ባለፈው ረቡዕ ክርክር ላይ «ብዙ ተወካይ ያገኘው ሰው ዕጩ ይሁን ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ «አዎ» ያለው በርኒ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ግማሽ ካልሞላ ሹማምንቱ በሁለተኛው ዙር ይግቡበት ባዮች ናቸው። ስለዚህ በርኒ ጥቂት በልጦ መቅደሙ አይበቃውም። ከ15 ከመቶ በታች ያገኘ ዕጩ ደግሞ ተወካይ አይደርሰውም፤ «ለማስታወሻ ያህል» ብላችሁ ለአነስተኛው ዕጩ የምትሰጡት ድምፅ እዚያው ይቀራል።

ዜግነት ያላችሁ ብቻ! ግሪን ካርድ ያላችሁ በስህተትም ቢሆን ድምፅ እንዳትሰጡ፤ ወንጀል ነው፣ ወረቀታችሁንም ሊያሳጣችሁ ይችላል። እኔ ጋ ብርም አትላኩ፤ ለአሜሪካ ምርጫ የውጭ ሰው ማዋጣት በሕግ የተከለከለ ነው። እኔ የምችለው መለመን ብቻ ነው።

ቨርጂኒያና ቴክሳስ ያላችሁ ቀድማችሁ ተመዝግባችሁ ከሆነ የፓርቲ አባል መሆን አይጠበቅባችሁም፤ የዴሞክራቶቹን ወረቀት ስጡኝ በሉ። ቴክሳስ ላይ እስከ ዓርብ ቀድሞ መምረጥም ይቻላል። ጋሼ፣ ገዥዎ በጥር «ስደተኛ አልቀበልም» ብሎ ሲጽፍ ዳላስ ነበሩ አይደል? ሚኒሶታ ያልተመዘገባችሁ እዚያው ጣቢያው ላይ መመዝገብ ትችላላችሁ። ኮሎራዶ ፓርቲ የሌላችሁ ሁለት ወረቀት በፖስታ መጥቶላችኋል፤ ሁለቱንም ሞልታችሁ ከላካችሁ አይቆጠርም፣ አንዱን ብቻ መልሱ። በ2020 በተያዘው ቀጠሮ ሲያትል መጋቢት 10 በፈረንጆቹ፣ ኮሎምበስ 17፣ አትላንታ 24 ነበር። ሜሪላንድ ለኤፕሪል 28 ተይዞ ነበር፤ እዚያ ግን በዴሞክራትነት ያልተመዘገበ አይገባም፣ ከአሁኑ ጨርሱ።

ለአክስቴ ልጅ ደውዬላታለሁ። ማክሰኞ የሌሊት ፈረቃ ስላለባት ጠዋት ስትወጣ በዚያው ታልፋለች። የቨርጂኒያ ጣቢያዎች በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ናቸው። መኪና የሌላቸው እናቶች በአካባቢያችሁ ካሉ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች ያላችሁ ስማችሁን ከታች ጻፉ፣ እርስ በርስ አገናኛችኋለሁ።