አንድ ክኒን፣ ሁለት መድኃኒት

በሚዛን ተፈሪም ሆነ በቴፒ ብዙ ታካሚ መድኃኒቱን «የግፊት ክኒን» ብሎ ብቻ ይጠራዋል። ክኒኑ ስም የለውም፤ ነጭ ነው፣ ወይም ቢጫ፣ ወይም ሞላላ። ዛሬ ግን ሁለት መድኃኒቶች በአንድ ክኒን ተዋሕደው መታዘዛቸው እየተለመደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 እንዲህ ያሉትን ጥምር ክኒኖች በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አካቷል፤ በ2021 መመሪያውም ጥምር ሕክምና በአንድ ክኒን ቢሰጥ እንደሚመረጥ አመልክቷል። ምክሩ ትክክል ነው እላለሁ። ሆኖም ስም የለሹን ክኒን ይዘን ወደዚህ ሕክምና መግባታችን ያሳስበኛል።

የፊዚክስ መምህርን ስለ መድኃኒት ምን አገባው የሚል አንባቢ አይታጣም። ነገር ግን ጉዳዩ ከስሙ ጀምሮ ግፊት ነው፤ የሚለካውም በሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ልብ በደቂቃ የምትረጨው ደም በደም ሥሮች ተቃውሞ ሲባዛ ግፊቱን ይሰጣል፤ የኦምን ሕግ ያጠና ተማሪ ዝምድናውን ወዲያው ያውቀዋል። ፈረንሳዊው ፕዋዜይ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች ባደረገው ሙከራ፣ ተቃውሞው ከቱቦው ሬዲየስ አራተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ እንደሚዛመድ አሳየ። ሬዲየሱ በ10 በመቶ ቢጠብ ተቃውሞው ከ50 በመቶ በላይ ያድጋል ማለት ነው። ሕያው የደም ሥር የመስታወት ቱቦ አይደለም፤ ቢሆንም በሥሩ ስፋት ላይ የሚመጣ ትንሽ ለውጥ ብዙ እንደሚሠራ ስሌቱ ያስረዳል።

እንግዲህ አምሎዲፒን የደም ሥርን ያላላል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጨውና ውኃ በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል፤ ሎሳርታን፣ ቫልሳርታንና ኢናላፕሪል ሥርን የሚያጠብበውንና ጨው የሚያስቀረውን የሰውነት ትእዛዝ ይገታሉ። ሰውነት ግን ዝም ብሎ አይቀበልም። ውኃ በሽንት ሲወጣበት ያንኑ ሥር የሚያጠብ ትእዛዝ ያጠነክራል፤ ሎሳርታን የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ፖታሲየም ሲያባክን ሌላው ይቆጥባል። አምሎዲፒን የሚያመጣው የቁርጭምጭሚት እብጠትም ከቫልሳርታን ጋር ሲወሰድ ይቀንሳል። የአንዱን መጠን ከማብዛት ይልቅ ሁለቱን በመጠኑ ማጣመር የሚመረጠው ስለዚህ ነው።

ጥምረቱ ግን የራሱ ጣጣ አለው። አዲሱ ክኒን ሲታዘዝ የድሮው ብልቃጥ ከመደርደሪያ አይወርድም፤ ስሙን ያላነበበ ታካሚ አምሎዲፒንን ለብቻውም በጥምሩም ይውጣል። ያን ጊዜ ግፊቱ ከሚገባው በላይ ሊወርድ፣ ከመቀመጫው ሲነሣም ሊወድቅ ይችላል። ክኒኑን ለሁለት መክፈልም አንዱን መድኃኒት አያስቀርም፤ የሁለቱንም መጠን ያዛባል እንጂ። አንድ ቀን የተረሳውን በማግሥቱ በድርብ መዋጥ አይገባም።

የአካባቢያችን ኑሮ የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ። ከበበቃ እስከ ቴፒ ባሉት የቡና እርሻዎች በለቀማ ወቅት የወገብ ሕመም የማይቀር ነውና ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይገዛል። እነዚህ ማስታገሻዎች ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፤ ሎሳርታንና ሽንት የሚያበዛው መድኃኒት በተጣመሩበት ክኒን ላይ ሲጨመሩ ደግሞ ኩላሊትን ክፉኛ ሊጎዱ ይችላሉ፤ በተለይም ሰውነት በቴፒ ሙቀት ውኃ ባጣበት ቀን። ተቅማጥና ትውከት የያዘው ሰውም ክኒኑን እንደ ወትሮው ከመቀጠሉ በፊት ጤና ባለሙያ ይጠይቅ። ከቡና ቅጠል በቅመም የሚፈላው ጨሞም ሆነ ቡናው ጨው ሲበዛበት የመድኃኒቱን ድካም ከንቱ ያደርጋል። (ቡናን ተዉ ማለቴ አይደለም፤ ማንስ ይሰማኛል? ግፊት ግን ቡና ከተጠጣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይለካ።) ሎሳርታን፣ ቫልሳርታንና ኢናላፕሪል ፅንስን ስለሚጎዱ፣ ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሳትዘገይ ለሐኪሟ ትንገር። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ራስ ምታት ሲጠፋ ክኒኑን የሚተው ብዙ ነው። ከፍተኛ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ስሜት የለውምና ደህንነትን የሚናገረው መለኪያው ነው።

ፋርማሲዎቻችን «በቀን አንድ ጊዜ» ብለው በማሸጊያው ላይ መጻፋቸው መልካም ነው፤ አይበቃም። በአማርኛ፣ በጉልህ ፊደል፣ «ሎሳርታን 50 ሚሊግራም እና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 12.5 ሚሊግራም፤ የቀድሞውን ክኒን አቁም ወይም ቀጥል» የሚል ይጻፍበት፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሐኪሙ ያዘዘው ይታወቃልና። ይህ እስኪለመድ ድረስ፣ ለዕረፍት ወደ ቤት የሚሄድ ተማሪ የወላጆቹን ማሸጊያዎች ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ስሞቹን በደብተር ይገልብጥ። አንድ ስም ሁለት ቦታ ካገኘ አንዱን በራሱ ውሳኔ አይጣል፤ ዝርዝሩን ይዞ ከወላጁ ጋር ወደ ሐኪሙ ይሂድ።