ስንዴው ማንን ጥገኛ አደረገ?

ጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በአንድ ፊርማ ሲያግድ አገር ቤት የተሰማው ድንጋጤ ብቻ አልነበረም። እፎይ ያሉም ነበሩ። የእነዚህ ሰዎች ሐሳብ ባጭሩ፣ ለሃምሳ ዓመት ሲመጣ የኖረው ስንዴ ገበሬውን እጁን ዘርግቶ መጠበቅ አስተምሮታልና ቢቀርበት ይነቃል የሚል ነው። ሌላው ወገን ደግሞ ይህን ንግግር ርቦት የማያውቅ ሰው ወሬ ይለዋል። እኔ ሁለቱም ቸኩለዋል ባይ ነኝ። ጉዳዩ በስሜት ከመወሰኑ በፊት ቤት ለቤት ተዙሮ የተጠና ነው፤ ያውም ወሎ ውስጥ፣ ባቲን ጨምሮ።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 325 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ባቲ የምትገኝበት የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫም ናት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ ከ457 ሺህ በላይ ነበር። ስለ እርዳታ የሚከራከር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሁሉ ሕዝብ እንደ አንድ ረኀብተኛ ያየዋል። ጨፋ ላይ ግን የቦርከና ወንዝ የሚያረሰርሰው ሜዳ አለ፤ በጋ ሲጠና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብታቸውን እየነዱ የሚመጡት ወደዚያ ነው። ባቲና ደዌ ሐረዋ ደግሞ ዝናብ አንድ ወር ከዘገየ ማሽላው ቆሞ የሚደርቅበት ቆላ ነው። በአንድ ዞን ውስጥ ሆነው የሁለቱ ገበሬዎች ችግር ለየቅል ነው።

ወሎ በዓለም የልማት ጥናት ውስጥ ስሙ የገባው በ1965ቱ ረኀብ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ ወሎን እንደ አንድ ዋና ማስረጃ ወስዶ፣ ሰው ያለቀው ገበያ ላይ እህል ስለ ጠፋ ሳይሆን የመግዛት አቅም ስላጣ ነው አለ። ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ ጭራሽ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህል ነበር። ሴንን የተቹት ምሁራን ምርቱ ራሱ ክፉኛ መውደቁን አቃልሎታል ይላሉ፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ከ1965ቱ ረኀብ ዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1977ቱ ድርቅ፣ ባቲ ከታላላቆቹ የመጠለያ ጣቢያዎች አንዱ ሆነች። የእርዳታ ስንዴ ከዚህ አካባቢ ኑሮ ጋር የተቆራኘው ከዚያ ጊዜ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ጥናቱ። በ1991 እና በ1992 ዓ.ም. በልጉ ከከሸፈ በኋላ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልማት ምርምር ተቋም ከውጭ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በባቲ፣ በደሴ ዙሪያ፣ በለጋምቦና በጃማ ከ400 በላይ ቤተሰቦችን መከታተል ጀመረ። ከተመራማሪዎቹ መካከል አንትሮፖሎጂስቱ ፒተር ሊትል፣ ወርቅነህ ነጋቱና ተወዳጅ ሞገስ ነበሩበት። አጥኚዎቹ አንድ ጊዜ ጠይቀው አልሄዱም፤ እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ እየተመላለሱ ያንኑ ቤተሰብ ስለ ከብቱ፣ ስለ ማሳው፣ ስለ ጓዳው ጠየቁት። ያገኙት መልስ ለማንም ወገን የሚመች አይደለም። ያን የመሰለ ድርቅ አልፎ የድሆች ቁጥር እምብዛም አልተለወጠም። እጅግ ድሀ የነበሩት ኑሯቸውን ትንሽ አሻሻሉ፤ ከድህነት ለመውጣት ግን አልበቃቸውም።

ከሁሉ ይበልጥ እኔን የሚገርመኝ ስለ ከብት የተገኘው ነው። የምጣኔ ሀብት መጽሐፍ የሚነግረን ሰው ሲቸግረው ያለውን ሸጦ እንደሚበላ ነው። እዚህ ግን ድሀው የተገላቢጦሹን ሲያደርግ ታየ፦ ቀበቶውን እያጠበቀ፣ የልጆቹን ማዕድ ሳይቀር እየቀነሰ፣ ያቺን የቀረችውን አንድ ከብት ጠበቃት። ምክንያቱ ለገጠር ሰው ግልጽ ነው። በሬውን የሸጠ ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ የገዛ ማሳው ምርት ግማሹ የሌላ ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። እንግዲህ እርዳታ የለመደ፣ ነገ ስንዴ ይመጣልኛል ብሎ የተቀመጠ ሰው፣ ዛሬ ተርቦ በሬ ያቆያል?

ሊትል ይህንኑ ጥያቄ ለብቻው ወስዶ እ.ኤ.አ. በ2008 በደቡብ ወሎና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ አወጣ። ድምዳሜው፣ የእርዳታ ጥገኝነት የሚባለው ነገር በገበሬው ላይ አልታየም የሚል ነው። እህሉ ሲመጣ ዘግይቶ፣ ያውም አንሶና ተቆራርጦ ነበር። ጥገኛ ለመሆን እንኳ የሚያስተማምን ነገር ያስፈልጋል። ሌሎች ጥናቶችም በዚሁ አቅጣጫ ናቸው፦ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ሥራ የኢትዮጵያን የቤተሰብ መረጃ ሲመረምር፣ እርዳታ የሚያገኙት ቤተሰቦች ከመጀመሪያውም ማን እንደሆኑ፣ ማለትም ዕድሜያቸው፣ መሬታቸውና የቤቱ የሥራ ጉልበት ከግምት ከገባ፣ እርዳታ ሥራ ያስጠላል የሚለው ነገር ይጠፋል።

እዚህ ላይ ግን የጥገኝነት ክስ አቅራቢዎች አንድ ጥሩ መልስ አላቸው፤ ብዙ ጊዜ ራሳቸውም አያነሡትም። የሊትል መረጃ የተሰበሰበው ከሴፍቲኔት በፊት ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ደግሞ የታቀደው የቀድሞውን እርዳታ መቆራረጥ ለማስቀረት ነበር፦ ችግረኛው ቤተሰብ በየዓመቱ ለስድስት ወር ያህል፣ ለአንድ ሰው በወር አምስት ቀን እርከንና መንገድ እየሠራ፣ የሚያገኘውን አስቀድሞ እያወቀ እንዲኖር። መሥራት የማይችለው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ታዲያ ገበሬውን ከጥገኝነት ያዳነው የእርዳታው አለመታመን ከነበረ፣ የሚታመን እርዳታ ሲመጣስ? የድሮው ነጻ መባል ለአዲሱ ፕሮግራም በራሱ አይተርፍም።

ለዚህ ጥያቄ ቁጥር አለ። አለማየሁ ሥዩም ታፈሰ ከሌሎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ጥናት፣ አምስት ዓመት በሴፍቲኔት የቆዩትን አንድ ዓመት ብቻ ከተከፈላቸው ጋር አነጻጽሯል። የቆዩት የረኀብ ወራታቸው ከአንድ ወር በላይ አጠረ፤ ከብታቸውም ቀነሰ ሳይሆን ጨመረ፣ በከብት መለኪያ 0.38። ይህ ስንፍናን አያሳይም። የፕሮግራሙ ደጋፊዎች ግን ይህን ቁጥር ሲጠቅሱ ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉትን ያህል ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አይናገሩም። 0.38 ማለት ከአንድ በሬ ግማሽ ብዙም አያልፍም፤ ለዚያም አምስት ዓመት ሙሉ። መንግሥት በበኩሉ ሲጀምር አምስት ሚሊዮን ሰው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ውስጥ ራሱን ይችላል ብሎ ነበር። ሃያ ዓመት አልፎ ፕሮግራሙ አምስተኛ ምዕራፉ ላይ ደርሷል።

ስለ «ምረቃ» የሚነሣውም ቅሬታ ቀላል አይደለም። ከብት ያፈራ ቤተሰብ ከዝርዝሩ ይወጣል። የሚመረቀውም ቁጥር አንዳንድ ጊዜ ከላይ በኮታ የመጣ ነው። እንዲህ ባለ ሕግ ሥር አንድ ሰው ጊደሩን ለዘመድ በርቢ ሰጥቶ ድሀ መስሎ ቢቀመጥ፣ ጠባዩ ተበላሸ ከማለት ሕጉን መመርመር ይቀድማል። የቀበሌ ኮሚቴም እህሉን ለጥቂቶች ብቻ ሰጥቶ ከጎረቤት ከሚያጣላ ለሁሉም በየትንሹ ማዳረስን ይመርጣል። ለጋሾች ይህን ብክነት ይሉታል። በቅሬ ተሰብስቦ አብሮ የሚቀብር፣ በደቦ አብሮ የሚያጭድ ሕዝብ ዘንድ ግን ሌላ መንገድ አለ ለማለት እኔ አልደፍርም።

ብር ይሻላል ወይስ እህል የሚለው ክርክር አጭር ነው። በፕሮግራሙ መጀመሪያ የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲያሻቅብ ያ ብር የሚገዛው ነገር እየሟሸሸ ሄደ። ጥሬ ገንዘብ የክብር መንገድ ነው የሚለው የአንዳንድ ለጋሾች ክርክር ትክክል ነው፤ ዋጋ እስካልናረ ድረስ።

ስለ እርዳታ የነበረው ዓለም አቀፍ ጠብ በዚሁ ጊዜ ከላይ ከላይ ይካሄድ ነበር። ከምጣኔ ሀብት ሊቃውንቱ ጄፍሪ ሳክስ ብዙ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይፍሰስ አለ፤ ዊሊያም ኢስተርሊና ዳምቢሳ ሞዮ ደግሞ እርዳታ መንግሥታትን ያበላሻል አሉ። ሞዮ የምትናገረው በዋናነት ከመንግሥት ለመንግሥት ስለሚሰጥ ገንዘብ ነው፤ ባቲ ላይ ስለሚታደል ስንዴ አይደለም። እኛ ዘንድ ግን ክሱ ከሚኒስቴር ወርዶ ገበሬው ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች የተደረገ የሙከራ ጥናት፣ ከብት፣ ሥልጠናና ለጥቂት ጊዜ ቀለብ አንድ ላይ የተሰጣቸው ድሆች ድጋፉ ካበቃ በኋላም ተሻሽለው እንደቆዩ አሳይቷል። ስለዚህ እርዳታ መሰላል ሊሆን ይችላል፤ ግን ውድ መሰላል ነው፣ በሴፍቲኔት ላለው ስምንት ሚሊዮን ሰው የሚሆን በጀት ያለው ማንም የለም።

ደግሞ የዞኑን ሰው ማን እንደሚደጉመው ብትጠይቁ ብዙ ቤት ውስጥ መልሱ ሴፍቲኔት አይደለም፤ ጅዳ ወይም ሪያድ ያለች ልጅ ናት። በጅቡቲና በየመን አቋርጠው የሚሄዱት ወጣቶች የመንገዱን ሞት እያወቁ ነው የሚወጡት። ጥገኛና ሰነፍ የተባለ ሕዝብ ልጆች እንዲህ አያደርጉም። የክሱ ደጋፊ ግን ያም ቢሆን ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ መጠበቅ ነው ሊል ይችላል፤ የሚላከው ብር ቤት ሠርቶ ማሳውን ባለበት ከተወው አባባሉ ክብደት አለው።

እኔ የጥገኝነትን ክስ የምቀበለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሰኔ 2015 ዓ.ም. የእርዳታ እህል ለሌላ ዓላማ እየዋለ ነው ተብሎ አሜሪካና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ እደላውን ሲያቆሙ፣ ለወራት ክፍተቱን የሚሞላ አልተገኘም። ጥር 2017 ያው ተደገመ። ገበሬው በሬውን ጠብቆ ተገኘ፤ ያልተጠበቀው የመንግሥት መጠባበቂያ ነው። ወረዳዎች እርከን የሚያሠሩት በሴፍቲኔት ጉልበት ነው፤ የቀበሌ ጤና ኬላ መድኃኒት የሚጠብቀው ከለጋሽ ነው። ጥገኝነት አለ የሚሉ ሰዎች ትክክል ናቸው፤ የተሳሳተው አድራሻቸው ነው።

መጪዎቹ ዓመታት ለሁለቱም ወገን ማስረጃ የሚሰጡ ይመስላሉ። የባቲ ከብት ከቀነሰ፣ እርዳታ ሲቀር እንዲህ ይሆናል ይባላል፤ ካልቀነሰ ደግሞ ስንዴው ድሮም አያስፈልግም ነበር ይባላል። ሁለቱም አያስኬድም፤ የተለወጠው እርዳታው ብቻ አይደለም፤ በ2013 ዓ.ም. በጂሌ ጥሙጋና በአጣዬ አካባቢ ግጭት ነበር፤ በ2014 መግቢያ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ደረሰ፤ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። የቱ የትኛውን እንዳመጣ ለመለየት በ1992 ዓ.ም. የተጠየቁትን ቤተሰቦች ፈልጎ ያንኑ ጥያቄ እንደገና መጠየቅ ያሻል። ያኔ ልጅ የነበሩት ዛሬ የራሳቸው ጎጆ አላቸው፤ ከብታቸው ስንት እንደሆነ፣ ጅዳ ማን እንዳለ፣ ሴፍቲኔት መቼ ገብተው መቼ እንደወጡ እነሱ ይናገራሉ።