የቆጡን ስናወርድ የብብቱ

ኮምፒውተር ዘገየ? ፎርማት ይደረግ! ፋይል አልከፈት አለ? ፎርማት ይደረግ! አዲስ ኃላፊ መጣ? እሱም የቀድሞውን ሰው ኮምፒውተር ፎርማት አስደርጎ ነው ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው። እኔ ዛሬ ጠቤ ከዚህች ቃል ጋር ነው።

ጠቡ የተጀመረው አኖ ላይ ነው፤ ከባኮ ወደ ነቀምት ሲኬድ በምትገኘው አኖ። መኪናው እስኪሞላ አንድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ተቀመጥኩ። ውስጥ አንድ ጎረምሳ በአዲስ ላፕቶፕ ፕሪንስ ኦፍ ፐርዢያን ይጫወታል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ ጌም! ነጭ ለባሹ ልዑል ጉድጓድ ሲዘል ሳይ የራሴ ጉርምስና ትዝ አለኝ።

«ይሄ አዲስ ዕቃ ላይ እንዴት ሠራልህ?» አልኩት።

«በቀጥታማ እምቢ ነው የሚለው» አለኝ። እውነቱን ነው። ያ ጌም የተሠራው ለዶስ ዘመን ነው፤ የዛሬው 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ ለ16 ቢት የተጻፈ ፕሮግራም በሩን አይከፍትም። ልጁ ዶስቦክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጭኗል። ዶስቦክስ አዲሱን ኮምፒውተር እንደ ድሮው አስመስሎ ያቀርባል፤ ፍጥነቱን ሳይቀር ይገታዋል። ጌሙም ቤቱ የገባ መስሎት ይሠራል።

«ሥራ የለውም እኮ!» አለ ባለቤቱ። «አሮጌ ጌም ሲጎረጉር ነው የሚውለው።»

በዚህ መሐል አንድ አባት ፍላሽ ይዘው ገቡ። የእድራቸው ደንብና የአባላት ዝርዝር አለበት። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት «አባል አልነበርሽም» ተብላ ማስረጃ ይፈለጋል። ፋይሉ ሲከፈት የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ሆነ። ባለቤቱ ሳያቅማማ «ቫይረስ በልቶታል አባባ፤ ፍላሹ ፎርማት ይደረግ» አለ።

ጎረምሳው ጎንበስ ብሎ አየና «አልተበላም፣ ፎንቱ ነው የሌለው» አለ። ከአንድ አሮጌ ሲዲ ላይ የድሮውን የግዕዝ ፎንት ፈልጎ ጫነ። ዝርዝሩ ወደ አማርኛ ተመለሰ። የሴትየዋ ስምም እዚያው ነበረ።

እንግዲህ ፍረዱ። ፎርማት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ያቺ ሴት በማን ምስክርነት ትከራከር ነበር?

ነገሩ የአንድ እድር ብቻ አይደለም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በቪዥዋል ግዕዝ፣ በፓወር ግዕዝና በመሰሎቻቸው ስንጽፍ ፊደላችን የሚቀመጠው በላቲን ፊደል ቦታ ነበር። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ አይነበብም። ስንት የቀበሌ ደብዳቤ፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት የእድር ደንብ በዚህ መልክ እንደተጻፈ አስቡት።

አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ወደ ኦሮምኛ የመለሱት መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል የታተመው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ፊደሉን የቆጠረ ሰው ዛሬም ገልጦ ያነበዋል። የእኛ ፋይል ግን ሃያ ዓመት ሳይሞላው መቃብር ይገባል። የሠለጠንነው እኛ መሆናችን ነው?

ሌላው ዓለምም ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት ከቀድሞዎቹ ጌሞች 87 በመቶው በገበያ እንደማይገኙ አሳይቷል። የፕሪንስ ኦፍ ፐርዢያ ደራሲ የጆርዳን መክነር ኮድ ራሱ ጠፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 አባቱ የድሮዎቹን ፍሎፒዎች አገኙለት፤ አሮጌ ማሽን የሚያውቁ ሰዎች አነበቡለት፤ ኮዱም ለሕዝብ ተለቀቀ። እነዚያንም ሰዎች አንድ ቀን «ሥራ የላቸውም» ያላቸው አይጠፋም።

«ጌም የልጅ ጊዜ ይበላል» የሚል ይኖራል። ይበላል፤ አልክድም። ቀኑን ሙሉ የሚጫወተውን ምከሩት፣ ተቆጡትም። የቆመውን ጌም ያስነሳው ልጅ ግን ሌላ ነው። እሱ አንድ ነገር ለምን እምቢ እንዳለ ሳያውቅ አይጥልም። ይህ ጠባይ ደግሞ «ኤክስፐርት» ብለን ደመወዝ ከምንከፍላቸው ብዙዎች ዘንድ የለም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። መሥሪያ ቤቶቻችን አዲስ ኮምፒውተር በገዙ ቁጥር የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አሮጌው ኮምፒውተር ከመጥፋቱ በፊት ውስጡ ያለው ይታይ። ፎንቱ ከፋይሉ ጋር ይቀመጥ። የሚያስፈልገው ወደ ዩኒኮድ ይዙር፤ ዋና ዋናውም በወረቀት ይታተም። ይህን የሚሠራ ሰው የለንም እንዳትሉ። አኖ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ተቀምጦ አይቼዋለሁ። ሥራ የለውም አትበሉት፤ ሥራ ስጡት።